በሟች ጨርቅ ላይ አራት ጣት

መጀመሪያ ያነበብኩት ትሪትመንት ላይ ልጅቷን መኪና ገጫት። ሁለተኛው ላይም ገጫት። ሦስተኛው ላይ የተገጨው ልጁ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ሲነቃ ማን እንደሆነ ጠፍቶታል፣ የገዛ እናቱን ‹‹አንቺ ማን ነሽ?›› ይላታል። ኧረ በስመአብ! ቢቸና ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሲገጭ ያየሁት አንድ ባጃጅ ነው፣ የገጨውም በግ ነው፣ በጉም ተነስቶ ሄዷል። እነዚህ ልጆች ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው ገጭተው አመጡልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ፣ ውጭ ወጥቼ መትፋቴን አስታውሳለሁ።

ትሪትመንት የምንለው፣ ፊልሙ ሳይቀረጽ፣ ተዋናዮቹ የሚናገሩትም ሳይጻፍ፣ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሦስት በአራት ገጽ የምናወርድበት ጽሑፍ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ትጽፋለህ። ‹‹አዘነች›› ብሎ መጻፍ የለም። ሐዘን ካሜራ ውስጥ አይገባም። ስታዝን ምን አደረገች? ቀሚሷን ጨመደደች? በሩን ሳትዘጋ ወጣች? እሱን ጻፍ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህችን ለማስረዳት ግን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮህ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። በጉብዝናዬ ወራት አዲስ አበባ ወርጄ ለሁለት ፊልሞች ታሪክ ጽፌያለሁ፤ አንዱ ሳይቀረጽ ቀረ፣ ሌላው ተቀረጸ፣ ባይቀረጽ ይሻል ነበር። ይህችን ይዤ ነው እንግዲህ አገሬ ተመልሼ ‹‹ባለሙያ›› የተባልኩት። ለወጣቶች ሥልጠና የሚያዘጋጅ አንድ ቢሮ ጠራኝና ቅዳሜ ቢቸና፣ እሁድ ሞጣ ላይ እንዳስተምር ጠየቀኝ። ቅዳሜ ማታ በሚኒባስ ሞጣ እገባለሁ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አስተምራለሁ፣ ሰኞ ጧት ቢቸና ትምህርት ቤቴ እገኛለሁ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የትም አልገኝም።

ልጆቹ ወረቀት ፊት ሲቀመጡ ግማሹ ሪፖርት ጸሐፊ ይሆናል፣ ግማሹ ሰባኪ። ‹‹ዋና ገጸ ባሕርይዋ በነበረባት የግንዛቤ እጥረት ምክንያት ላልተፈለገ ችግር ተዳርጋለች›› ብሎ የጻፈልኝ አለ። ቱ! ይህ ልጅ ገበያ ላይ ዶሮ ሲከራከር እንዲህ ይናገራል? ስለዚህ ወረቀቱን እየቀማሁ ‹‹በአፍህ ንገረኝ›› ማለት ጀመርኩ። እያንዳንዱ ክፍሉ ፊት ቆሞ ታሪኩን በቃሉ ይናገራል፣ ሌላው ይጠይቀዋል፣ ብዕር የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከቢቸናዎቹ ሁለቱ ቅኔ ቤት ያሳለፉ ነበሩና ይህ አላስቸገራቸውም፤ የቆጠሩትን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ በቃል ማቅረብ ያደጉበት ነው። እነሱ ‹‹የኔታ›› ይሉኝ ነበር፣ ግማሹን በቀልድ። እኔ ግን ሙሉውን ነበር የምወስደው።

ታሪክ ሲነገር አንድ ነገር ደጋግሜ እጠይቃለሁ፤ ‹‹ግጭቱ የታለ?›› እላለሁ። ሁለት ነገር ካልተጋጨ ፊልም የለም ማለቴ ነው። ልጆቹ ይህን እያስመሰሉ ይስቁብኝ ነበር። አንዱ ዘግይቶ ሲገባ ሌላው ከኋላ ሆኖ ‹‹ግጭቱ የታለ?›› ይለዋል። መኪና መግጨቱም ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግጭት ስል እነሱ ጎማ ነበር የሚያስቡት።

አንድ እሁድ ሞጣ ላይ እንግዳ መጣብን። የቢቸና ልጅ ነው፣ እኔው ያስተማርኩት፣ አሁን ከተማ ተቀምጦ አጫጭር ፊልም እየሠራ ኢንተርኔት ላይ የሚለቅ ዳይሬክተር። ቢሮው ነው ‹‹ለልጆቹ ማነቃቂያ ይሁናቸው›› ብሎ የጋበዘው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ፣ ከክፍሉ ኋላ ወንበር ገልብጦ ተቀመጠ። ‹‹መምህር፣ እኔ የለሁም፣ ማስተማርዎን ይቀጥሉ›› አለኝ። ቀጠልኩ። ድምፄን ከወትሮው ከፍ አድርጌ እንደነበር ግን ለራሴም ይሰማኝ ነበር።

የዚያን ቀን ተራው የአንዲት የሞጣ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ አባቷን ሱቅ ታግዛለች። አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዘር ማንዘራቸው እዚያው ሞጣ ሲነግድ የኖረ፣ ከተማው በሙሉ ‹‹ሐጂ›› የሚላቸው ሽማግሌ። ልጅቷ ብዙ አትናገርም። ሻሿን አስተካክላ፣ ዓይኗን መስኮቱ ላይ አድርጋ ጀመረች።

‹‹ሱቁ ጠባብ ነው። ሰውየው ጨርቅ የሚለኩት በክንዳቸው ነው። ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ በሜትር ብረት አያምንም። ክንዳቸው ደግሞ ጠማማ ነው፤ ልጅ ሆነው ከበቅሎ ወድቀው ወጌሻ ያሸው ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ ይለኩና አራት ጣት ይጨምራሉ። አንድ ክንድ፣ አራት ጣት። ደንበኛው ‹ይብቃ ሐጂ› ቢላቸውም ይጨምራሉ። አንድ ቀን ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ትመጣለች። ለመግነዝ አቡጀዲ ትጠይቃለች። ሰውየው ጣቃውን አውርደው ይሰጧትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሴትዮዋ ራሷ ትለካለች፣ ራሷ ትቀድዳለች። ጨርቁ ሲቀደድ ይሰማል። ሰውየው አይዞሩም።››

ከተማሪዎቹ አንዱ ‹‹ለምንድን ነው የሚዞሩት?›› ብሎ ጠየቃት። ‹‹ለሟች አይለካም ይላሉ። ቢጎድልበት ሟች አይከራከርም። ስለዚህ ሰጥተው ይዞራሉ፤ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም እንዲሁ ነው›› አለች።

ያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት! ያን ሁሉ እሁድ ስለምን እንደጮህኩ ልጅቷ አሳይታኛለች እኮ። አንድም ‹‹አዘኑ›› የለ፣ አንድም ‹‹ደግ ነበሩ›› የለ። ‹‹ሂጂ፣ እንዳወራሽው ጻፊው›› ብያት ብቀመጥ ይበቃ ነበር። ግን እንግዳ አለና፣ ዐዋቂ መሆን አለብኝና፣ አፌን በቆረጠው፣ እንዲህ አልኩ፦ ‹‹ቆንጆ ነው። ግጭቱ የታለ? ጥሩ ሰው ጥሩ ሥራ ሠራ፤ ይህ ተዝካር ላይ የሚነገር እንጂ ፊልም አይደለም። ቢያጎድሉስ? ለቋሚው አራት ጣት እየጨመሩ፣ ማንም በማያይበት፣ በሟች ጨርቅ ላይ አራት ጣት ቢሰርቁስ? አየሽ? አሁን ፊልም ሆነ!››

ልጅቷ ከመስኮቱ ዓይኗን አነሳች። ‹‹አባቴ አያደርጉትም›› አለች።

‹‹አባትሽን እርሻቸው። ይህ ገጸ ባሕርይ ነው። ገጸ ባሕርይ አባት የለውም፣ ይሉኝታ የለውም።›› ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ‹‹ለሚቀጥለው እሁድ ጽፈሽ አምጪ›› አልኳት። ወደ ኋላ ስመለከት ዳይሬክተሩ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ሲወጣ ትከሻዬን እየመታ ‹‹መምህር፣ አሁንም ያው ነዎት!›› አለኝ፤ እኔ ሞኙ እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷ ባዶ እጇን መጣች። ‹‹አልመጣልኝም መምህር›› አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ‹‹ስንፍና ነው›› አልኳት በሰው ፊት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፊልሙ ወጣ። የቢሮው ልጆች በኮምፒውተራቸው ከፍተው ጠሩኝ። ሞጣ ነው የተቀረጸው፤ መንገዱ የምናውቀው መንገድ ነው፣ ሱቁም ከሐጂ ሱቅ ማዶ ያለ ሱቅ ነው። ጠማማ ክንድ ያለው ነጋዴ ለደንበኛ አራት ጣት ይጨምራል፣ ለሟች ሲሆን ደግሞ ሴትዮዋን ‹‹እኔ ልለካልሽ›› ብሎ አራት ጣት ይሰርቃል። ሬሳው እግሩ ሳይሸፈን ይቀበራል። መጨረሻ ላይ፣ ምን ይጠየቃል፣ ነጋዴውን መኪና ይገጨዋል! የተገጨውም ያው ጠማማው ክንዱ ነው። ተዋናዩ ፊቱን እያጣመመ፣ ምራቁን እያዝረከረከ ይጫወታል። ‹‹ቱ!›› አልኩ።

ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ፊልሙ ሲያልቅ ‹‹የታሪክ አማካሪ›› ብሎ የኔ ስም መጣ። በስመአብ፣ ደስ አለኝ! ‹‹እስቲ መልሱት›› አልኩና እንደገና አየሁት። የልጅቷ ስም የትም እንደሌለ ያስተዋልኩት ሁለተኛው ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ጋ ደወልኩና ‹‹የልጅቷስ?›› አልኩት። ‹‹መምህር ደግሞ! ታሪክ እኮ የሕዝብ ነው፤ ወረቀት ጽፋ ሰጥታለች እንዴ? ባይሆን ጨርቅ ማጉደሉ የእርስዎ ሐሳብ ነው፣ ለዚያ ብዬ ስምዎን አስገብቻለሁ›› አለኝ። ወረቀት የላትም። ወረቀቱን የቀማኋት እኔ ነኝ፣ ‹‹በአፍሽ ንገሪኝ›› ብዬ። ስልኩን ዘጋሁት።

ሞጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጠማማ ክንድ ያለው ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ አንድ ነው። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ‹‹ሐጂ፣ ዛሬ በማን ክንድ ነው?›› ይሏቸዋል የገበያው ሰዎች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ቀጥሎ አንዱ የዱሮ ደንበኛ የራሱን ሜትር ከኪሱ አውጥቶ የገዛውን እዚያው ፊታቸው መልሶ ለካ። ቀጥሎ፣ ባሏን ከሁለት ዓመት በፊት የቀበረች አንዲት ሴት መጥታ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ብዙ ቆመች አሉ። ከዚያ ‹‹ሐጂ፣ የባሌ እግር ተሸፍኖ ነበር?›› ብላ ጠየቀቻቸው። ጨርቁን ለክታ የቀደደችው እሷው ራሷ ነች እኮ! ሐጂ የዚያን ቀን ሱቁን በቀትር ዘግተው ቤት ገቡ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ልጅቷ ናት፣ በስልክ። አባቷ ታሪኩ ከማን እንደወጣ ለመስማት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ እሷ ስትናገር ሰምቷል። የገበያው ሐሜት አልነበረም ሽማግሌውን ያንገበገባቸው። ‹‹የገዛ ልጄ የሟች ሌባ አድርጋ ታስበኛለች›› የሚለው ነው። እሷ ያቀረበችውን መብላት ትተዋል። ስታናግራቸው ለእናቷ ነው የሚመልሱት። ‹‹እኔ አላልኩም ብላቸው ‹ታዲያ ማን አለው?› ይሉኛል›› አለችኝ። ‹‹ስምዎን ልጠራ አልወደድኩም። እርስዎ መጥተው ቢነግሯቸው ያምኑዎታል መምህር። የሰፈራችን ሼህ ሽማግሌ ሊያስቀምጡ ነው፣ እሁድ ይምጡልኝ።››

‹‹እመጣለሁ፤ እኔው እነግራቸዋለሁ›› አልኳት። ስል ደግሞ ከልቤ ነበር።

እሁድ ከትምህርት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን፤ የሰፈሩ ሼህ፣ የሐጂ የልጅነት ወዳጅ የሆኑ አንድ መሪጌታ፣ እና እኔ። ሥጋ ቢለየንም ሻይና ዳቦ ያገናኘናል፤ ሰፊ ትሪ ቀረበ። ሐጂ ከምንጣፉ ዳር ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ጠማማ ክንዳቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው። ከዚያ በፊት ሲደብቁት አይቼ አላውቅም። ልጅቷ በሩ አጠገብ ተንበርክካለች። መሪጌታ ወደ እኔ እያመለከቱ ለሐጂ ‹‹መምህር የልጆቻችን አባት ናቸው፣ እሳቸው ባሉበት እውነት አይጠፋም›› አሉ። ይህችን ቃል ስሰማ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ክብር የሚሉት ነገር መጥፎ ነው፤ ከተቀመጥክበት አያስነሳህም።

የእኛ አገር ሽምግልና ዳኝነት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ማን አጠፋ ብሎ አይመረምርም፣ ማን ዝቅ ይበል ነው የሚለው። ዝቅ የሚለው ደግሞ ታናሽ ነው። ሽማግሌ ሆዱን ያሰፋል፣ ታናሽ ጉልበት ይስማል፣ ነገሩ ይዘጋል። ስንት ቤት በዚህ ድኗል፣ አልክድም። የዚያን ዕለት ግን ሐጂ ራሳቸው ከደንቡ ወጡ። ሼሁ ‹‹እንግዲህ ልጅ ናት፣ ተሳስታለች፣ ይቅር በላት›› ሲሏቸው፣ ‹‹ቆዩኝ፣ ሼህ›› አሉ። ‹‹አንድ ነገር ልጠይቃት። በሟች ጨርቅ ላይ አራት ጣት ይሰርቃል ያልሽ አንቺ ነሽ?››

‹‹ወላሂ አባ፣ አላልኩም።››

‹‹ታዲያ ማን አለው?››

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ምንም አላደረገችም፤ አየችኝ ብቻ። ሼሁ ያያሉ፣ መሪጌታ ያያሉ፣ ሐጂ ደግሞ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። ‹‹እኔ ነኝ›› ለማለት ስንት ፊደል ነው? እኔ የሻይ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፣ አቃጠለኝ። ከዚያ አስቀመጥኩትና፣ ምን ብል ጥሩ ነው? ‹‹ሐጂ፣ ጥበብ እንዲህ ናት፣ ወጣትን ታስታለች። ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ለእኔ ሲሉ ይቅር ይበሏት›› አልኩ።

ከዚህ የሚያስጠላ ነገር በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። ዝም ብልስ ዝም አለ ይባላል። እኔ ግን የራሴን ጥፋት አንስቼ እሷ ላይ ጫንኩ፣ ከዚያም ደግሞ ሸክሙን ላውርድልሽ ባይ ሆኜ አማለድኩ። ይህን አሁን ስጽፈው እንኳ የዚያ ሻይ ስኳር አፌ ላይ ይመጣብኛል።

ልጅቷ ጥቂት አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ‹‹መምህሬን ልክሰስ?›› ብላ ያሰበች ይመስለኛል፤ እኛ አገር መምህሩን ሽማግሌ ፊት የሚያዋርድ ልጅ አባቱንም እንዳዋረደ ነው የሚቆጠረው። ተነስታ ምንጣፉን አቋርጣ አባቷ እግር ላይ ወደቀች፤ ጉልበታቸውን ሳመች። ለቅሶው የመጣው ያኔ ነው። ሐጂ ያንን ክንዳቸውን ከጋቢው አወጡና እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ‹‹ይቅር ብያለሁ። አላህም ይቅር ይበልሽ›› አሉ። ‹‹አሚን›› አልን ሦስታችንም። መሪጌታ መረቁ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እኔም በላሁ። ስንወጣ መሪጌታ ክንዴን ይዘው ‹‹ዛሬ ጽድቅ ሠራን መምህር›› አሉኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ልጅቷ አልመጣችም። ባሕር ዳር አክስቷ ጋ ሄዳለች ተባለ፤ ጧት ሚኒባስ ተሳፍራ። ስደውልላት አታነሳም። እኔ ምን አደረግኩ? ማስተማሬን ቀጠልኩ። አዲስ ዙር ተጀመረ፣ ቢሮው ‹‹ፊልም የወጣለት ሥልጠና›› ብሎ በሰፊ ጨርቅ አስጽፎ በሩ ላይ ሰቀለልን። ልጆች ተሰልፈው ተመዘገቡ። ከተመዘገቡት አንዱ ‹‹የኛንም ታሪክ እንዲያ ያጣፍጡልናል አይደል?›› አለኝ። አጣፍጥልሃለሁ፣ ምን ችግር አለ! አፈር ልብላ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ቢቸና ክፍል ልገባ ስል፣ ስልኬ ላይ ፋይል ገባ። ከእሷ ነው። ሦስት ገጽ፣ በወጉ የተተየበ። በር ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት። ሱቁ አለ፣ ክንዱ አለ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው ሴት አለች፣ ሰውየው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ማንም ምንም አይሰርቅም። መኪና የለም። ‹‹አዘኑ›› የሚል ቃል የለም። ካነበብኩት ሁሉ፣ አዲስ አበባ የጻፍኩትንም ጨምሮ፣ ትሪትመንት እሱ ብቻ ነበር። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ ‹‹መምህር፣ ጽፈሽ አምጪ ባሉኝ መሠረት ጽፌያለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ግጭቱን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።››

ክፍል ገባሁ። አንዲት ልጅ ተነስታ ስለ አያቷ ታሪክ መናገር ጀመረች። ደህና ታሪክ ነው። ስትጨርስ አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተና ‹‹ግጭቱ…›› አልኩ፣ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።  ‹‹ዛሬ ይብቃን›› ብዬ ወጣሁ።

እሁድ ሞጣም ሳልሄድ ቀረሁ፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሐጂ ሱቅ ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ‹‹መምህር! በደህና ነው በሥራ ቀን? ይግቡ፣ ይግቡ›› ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቄዋለሁ። ቆሜ ነገርኳቸው። ልጅዎ ያለችው ይህ ነው፣ እኔ የጨመርኩት ይህ ነው፣ እሷ ‹‹አባቴ አያደርጉትም›› ስትል እኔ ሳቅሁ፣ ዳይሬክተሩ ከእኔ አፍ ወሰደ፣ ሽማግሌ ሆኜ ቤትዎ ስቀመጥም ይህን አውቅ ነበር አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ሦስቱን ገጽ አነበብኩላቸው። 

 አንድ ደንበኛ ገባ፣ ሐጂ ‹‹ቆይተህ ና›› ብለው መለሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

‹‹ታዲያ እኔ ይቅር ያልኳት ምን አድርጋ ነው?››

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

‹‹አንተን እኮ ነው የምጠይቅህ። እግሬ ሥር ወድቃ ስታነባ እጄን ራሷ ላይ ጭኜ ‹ይቅር ብያለሁ› ያልኩት ለየትኛው ጥፋቷ ነው? ከቤት ስትወጣ ‹አፍራ ነው፣ ትሂድ፣ ይሻላታል› ብዬ ለእናቷ የነገርኩት ለየትኛው ነው?››

‹‹ሐጂ፣ እኔን ይቅር ይበሉኝ›› አልኩ።

‹‹አንተ ቆይ›› አሉኝ። ‹‹መጀመሪያ እኔ ይቅር ልባል።››

ተነሱ። የወጣውን ጣቃ ወደ መደርደሪያው መለሱ፣ ኮፊያቸውን አደረጉ፣ የሱቁን በር ሳቡና ቆለፉ። ገና ቀትር አልሆነም። ወደ ሚኒባስ ማቆሚያው ሲያመሩ እኔም ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። ረዳቱ ‹‹ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!›› እያለ ይጮኻል። ሐጂ አንድ እግራቸውን አስገብተው የበሩን ብረት ሲይዙ፣ ደረስኩባቸውና ‹‹አብሬዎት ልሂድ ሐጂ? እኔም ፊቷ ቀርቤ ልናገር›› አልኳቸው።

ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

‹‹ምን ሆነህ ነው የምትሄደው?›› አሉ። ‹‹ሽማግሌ?››